አእምሮ ሲለወጥ ሰውነት የት ነበር?

ፍራሽ ላይ በጀርባው የተጋደመ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንዱ ትንፋሽና በሚቀጥለው መካከል ዕረፍት ሳይሰጥ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ጥቂት ደቂቃዎች ሲያልፉ ከንፈሩ ዙሪያ መደንዘዝ ይጀምረዋል፤ ቀጥሎ የጣቶቹን ጫፍ ይወርረዋል። እየቆየ የእጁ አንጓ ይታጠፋል፣ ጣቶቹ ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፣ አውራ ጣቱም ወደ መዳፉ ይገባል፤ ሊያፍታታቸው ቢሞክር አይታዘዙትም። ሰውየው ምንም አልጠጣም፣ ምንም አልዋጠም። ሆኖም ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የክፍሉ ስፋት፣ የጊዜው ርዝመትና የገዛ አካሉ ድንበር እንደ ቀድሞው አይሰሙትም። እንዲህ ካደረጉት ሰዎች አንዳንዱ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ከአካሉ የወጣ ይመስለዋል፣ አንዳንዱም ከራሱ ከሚበልጥ ነገር ጋር አንድ ሆኖ የተዋሐደ ያህል ይሰማዋል።

እንዲህ ያለውን አተነፋፈስ በ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በሥርዓት አደራጅተው ያስፋፉት በትውልድ ቼክ የሆኑት የአእምሮ ሐኪም ስታኒስላቭ ግሮፍና ባለቤታቸው ክርስቲና ናቸው። ግሮፍ ከዚያ በፊት ንቃተ ህሊናን በሚለውጠው ኤልኤስዲ በተባለ ንጥረ ነገር የታገዘ ሕክምናን ለዓመታት ሲመራመሩ ቆይተው፣ ንጥረ ነገሩ በሕግ ሲታገድ ያለ እርሱ ወደ ተመሳሳይ ሁኔታ የሚያደርስ መንገድ ፈለጉ። መንገዱን ያገኙት በሳንባ በኩል ነው። ዛሬ ይኸው አተነፋፈስ በልዩ ልዩ ስያሜ በብዙ አገሮች ይሰጣል፤ ስለ አሠራሩ የሚነገረው ማብራሪያ ግን ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ነው። «አንጎል በኦክስጅን ስለሚጥለቀለቅ ነው» ይባላል። በእርግጥ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

የጤነኛ ሰው ደም በዝግታ ሲተነፍስም ቢሆን ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ስለሚይዝ፣ ትንፋሽን በማብዛት የሚጨመርለት ኦክስጅን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በብዛት የሚቀየረው ከሰውነት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ እንደ ቆሻሻ ብቻ ይቆጠር እንጂ የአንጎልን የደም ሥሮች የሚያሰፋና የሚያጠብ ዋና ተቆጣጣሪ ነው። በደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊቱ በተለመደው ጊዜ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ በአንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ከ2 እስከ 4 በመቶ ይቀንሳል፤ ግፊቱ በግማሽ ሲወርድ ከሲሶ የሚበልጠው ፍሰት ሊጎድል ይችላል። በዚያ ላይ የደሙ አልካሊነት ስለሚጨምር ሄሞግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን አጥብቆ ይይዛል፤ ለሕዋሳት በቀላሉ አይለቅም። በደም ውስጥ በነፃነት ይዘዋወር የነበረው ካልሲየምም ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ነፃ ካልሲየም ሲያንስ ነርቮች በትንሽ በትልቁ የሚነሡ ይሆናሉና፣ የከንፈሩ መደንዘዝና የጣቶቹ መጨማደድ የሚመጡት ከዚህ ነው። እንግዲህ ፍራሹ ላይ ያለው ሰው አንጎል ጠገበ ከማለት ተራበ ማለት ይቀርባል።

የነርቭ ሐኪሞች ይህን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚለኩበት ምርመራ ታካሚውን ለሦስት ደቂቃ ያህል በፍጥነት እንዲተነፍስ የሚያዙት፣ ተደብቆ የቆየ የሚጥል በሽታ ምልክት በዚያው ሰዓት ብቅ እንዲልላቸው ነው። በ2025 በኮሚዩኒኬሽንስ ሳይኮሎጂ መጽሔት የታተመ ጥናትም በእነዚህ የአተነፋፈስ ልምምዶች ላይ የተሳተፉ ሰዎች የሚያስወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለካ የተሰማቸውን ጠይቆ፣ የጋዙ መጠን ይበልጥ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ወደ ጠለቀ የንቃተ ህሊና ለውጥ እንደገቡ አሳይቷል። ሙዚቃው፣ የአስተናባሪው ድምፅና የተሳታፊው ተስፋ የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ነገር ግን ተስፋ ብቻውን አውራ ጣትን ወደ መዳፍ አያስገባም። የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት ከዚህ ልምምድ መራቅ የሚገባቸውም፣ ነገሩ ከምናብ በላይ ስለ ሆነ ነው።

ያው ጋዝ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይገጥመናል። ኤስ.ኤም. በሚሉት ፊደላት ብቻ በሕክምና ጽሑፎች የምትታወቅ አሜሪካዊት ታካሚ አለች። ብርቅ በሆነ የዘር ውርስ በሽታ ምክንያት በሁለቱም የአንጎሏ ጎኖች ያሉት፣ አሚግዳላ የሚባሉት የለውዝ ፍሬ የሚያህሉ ክፍሎች ጠፍተዋል። አሚግዳላ ለብዙ ዘመን የፍርሃት መቀመጫ ተደርጎ ሲታይ የኖረ ነው፤ ይህችም ሴት እባብ ብታሳዩአት፣ የሚያስፈራ ፊልም ብትከፍቱላት፣ ጨለማ ቤት ብታስገቡአት ፍርሃት የሚባል ነገር አይሰማትም ነበር። ጀስቲን ፋይንስታይንና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት እርሷንና ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸውን ሁለት መንትያ እኅትማማቾች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበትን አየር አንድ ጊዜ እንዲስቡ አደረጓቸው። ሦስቱም በድንጋጤ ራሳቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከውጭ የመጣ አስፈሪ ነገር ያላስደነገጠውን አእምሮ ከውስጥ የመጣ የኬሚካል ለውጥ በአንድ ትንፋሽ አናወጠው ማለት ነው።

እነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ የቆየ ክርክር ይቀሰቅሳሉ። የሥነ ልቦና ሊቁ ዊልያም ጄምስ በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የምናለቅሰው ስላዘንን ነው የሚለውን የተለመደ ቅደም ተከተል ገልብጦ፣ የምናዝነው ስለምናለቅስ፣ የምንፈራውም ስለምንንቀጠቀጥ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ስሜት ማለት አንጎል በሰውነት ውስጥ የተፈጠረውን ለውጥ ሲያነብ የሚሰማው ነው ማለቱ ነው። ይኸው ጄምስ ሳቅ አምጪ ጋዝ የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድ በራሱ ላይ ሞክሮ፣ የዘወትሩ ንቃታችን ከብዙዎቹ የንቃተ ህሊና ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው ወደሚል መደምደሚያ የደረሰ ሰው መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። የሰውነት ሊቁ ዎልተር ካነን በ1927 የሰጠው መልስ ግን ቀላል አልነበረም። የሆድ ዕቃ ለስሜት ፍጥነት የሚመጥን አይደለም፤ ቁጣም፣ ፍርሃትም፣ ትኩሳትም ልብን በተመሳሳይ መንገድ ያስመታሉ፤ ታዲያ አንጎል ከልብ ምት ብቻ ተነሥቶ የቱን ከየቱ ይለያል? ሲል ጠየቀ። ስታንሊ ሻክተርና ጀሮም ሲንገር በ1962 ሰዎችን አድሬናሊን ወግተው፣ ሰውነት የሚሰጠው መነቃቃትን ሲሆን ትርጉሙን የሚሰጠው በዙሪያ ያለው ሁኔታ ነው በማለት ሁለቱን ሊያስታርቁ ሞከሩ። ሙከራቸውን የደገሙት ተመራማሪዎች ያንኑ ውጤት በሙሉ ባያገኙም ሐሳቡ አልሞተም።

ለረጅም ጊዜ የጎደለው ልብን ብቻ ለይቶ የሚነካ ሙከራ ነበር። የሰውን ልብ በመድኃኒት ብታፈጥኑት መድኃኒቱ አንጎልንም ሊነካ ይችላል፤ ብታስሮጡት ጡንቻውም ሳንባውም አብሮ ይለወጣል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የካርል ዳይሰሮት ቡድን በ2023 በኔቸር መጽሔት ያወጣው ሥራ ይህን ክፍተት ሞላው። ተመራማሪዎቹ የአይጦች የልብ ጡንቻ ለብርሃን እንዲታዘዝ አድርገው፣ አይጦቹ በለበሱት ትንሽ ሰደርያ ላይ በተሠራ መብራት ልባቸውን በደቂቃ እስከ 900 ጊዜ እንዲመታ አስገደዱት። አይጦቹ ጭር ያለና የተጋለጠ ቦታን መሸሽ፣ ቅጣት ሊያመጣ የሚችል ውሃ ሲቀርብላቸውም ማመንታት ጀመሩ። አደጋ የማያሰጋበት ቦታ ላይ ግን የልባቸው መፍጠን ብቻውን አላስሸሻቸውም፤ ካነን ቢያይ ደስ የሚለው ነገር ይህ ነበር። ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል የኋለኛው ገጽ ሥራ እንዲያቆም ሲደረግም፣ ልባቸው እየፈጠነ ሳለ ፍርሃታቸው ቀነሰ።

ኢንሱላ ከጆሮ በላይ በሁለቱም በኩል በአንጎል እጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኝ ክፍል ሲሆን፣ ከሆድ፣ ከልብ፣ ከሳንባ፣ ከቆዳና ከፊኛ የሚመጣ ወሬ የሚደርሰው ወደ እርሱ ነው። ወሬው ከሚመጣባቸው መንገዶች ትልቁ ቬገስ ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ ትእዛዝ የሚያወርድ ገመድ ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ ሲቆጠር ግን ከክሮቹ 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። አንጎል ስለ ሰውነት ከሚያዘው ይልቅ የሚሰማው ይበዛል ማለት ነው። ዛሬ በዘርፉ የሚሠሩ ብዙዎች፣ ከእነርሱም መካከል አኒል ሴት የተባለው የነርቭ ሳይንቲስት፣ ነገሩን የሚገልጡት እንዲህ ነው፦ አንጎል የሰውነትን ሁኔታ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ይገምታል፣ የመጣው ወሬም ግምቱን ያርምለታል። እኔ ነኝ የሚለው ስሜት ራሱ ከዚህ ግምትና እርማት የሚሸመን ከሆነ፣ ወሬው በድንገት ሲለወጥ፣ ሲቋረጥ ወይም ሲዛባ ሽመናውም መለወጡ አይቀርም። የንቃተ ህሊና ለውጥ የሚባለውን ነገር በዚህ መነጽር ማየት፣ በእኔ ግምት፣ «አእምሮ ከሰውነት ተላቀቀ» ከሚለው አባባል የተሻለ ያስረዳል። ተላቀቀ የተባለው ሰው ከሰውነቱ ጋር ከወትሮው በበለጠ ተጣብቆ ይገኛልና።

ለዚህ ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበን ምሳሌ እንቅልፍ ነው። ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በ1953 እንዳሳዩት፣ የተኛ ሰው ዓይን ከቆብ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትና ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል አለ። በዚህ ጊዜ የአንጎል ግንድ ወደ ጡንቻዎች የሚሄደውን ትእዛዝ ስለሚዘጋ ሰውነት እንደ ታሰረ ይሆናል፤ ባይሆን ኖሮ በሕልሙ የሚሮጥ ሰው ከአልጋው ይወድቅ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ንቃቱ ከእስሩ ቀድሞ ይመለሳል። ሰውየው ዓይኑን ይገልጣል፣ ክፍሉን ያያል፣ ጣሪያውን ይለያል፤ መንቀሳቀስ ግን አይችልም። ብዙዎቻችን ዱካክ ተጫነኝ የምንለው ይህንኑ ነው። ደረት ላይ አንዳች ከባድ ነገር የተቀመጠ ይመስላል፤ ከበሩ አጠገብ ወይም ከአልጋው ግርጌ አንድ ሰው የቆመ ያህል ይሰማል፤ ሊጮኹ ቢሉ ድምፅ አይወጣም።

ክብደቱ ከየት መጣ? በዚህ እንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚንቀሳቀሰው በአመዛኙ ሆድን ከደረት በሚለየው ጡንቻ ብቻ ነው፤ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ከሌሎቹ ጋር ላልተዋል። የነቃው አእምሮ በረጅሙ ለመተንፈስ ያዛል፣ ደረቱ ግን አይነሣም። ትእዛዙ ወጥቶ ምላሽ ሲጠፋ አንጎል ምክንያት ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ደረቱን የያዘ ነገር አለ የሚል ምክንያት ነው። በጀርባ መተኛት ነገሩን እንደሚያብሰውም ይታወቃል። ዱካክን ሰው ከምናቡ የፈጠረው ተረት አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ተረቱ ከሰውነት ተነሥቶ የተሠራ ትክክለኛ ዘገባ ነው እላለሁ፤ ስሕተቱ በመደምደሚያው ላይ ብቻ ነው። የተኛ ሰው ሕልምም እንዲሁ ከቆዳው የሚመጣውን ወሬ ይሸምናል። ዊልያም ደመንትና ኤድዋርድ ዎልፐርት በ1958 በተኙ ሰዎች ላይ ውሃ ሲረጩ፣ ከዚያ በኋላ ከተነገሩት ሕልሞች 42 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ውሃው በአንድ መልኩ ገብቶ ተገኝቷል፤ ዝናብ ሆኖ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሆኖ። ድምፅ ብቻ በተሰማ ጊዜ ግን መጠኑ 9 በመቶ ነበር። ቆዳ ከጆሮ ይልቅ ወደ ሕልም መግባቱ ከላይ ካልነው ጋር ይስማማል።

ከሰውነት መውጣት የሚባለው ተሞክሮም ከዚሁ አይርቅም። ኦላፍ ብላንክና ባልደረቦቹ በ2002 በጄኔቫ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ስትዘጋጅ የነበረችን ታካሚ አንጎል በኤሌክትሪክ ሲነካኩ፣ በቀኝ በኩል ካለ አንድ ቦታ ላይ ደረሱ፤ ስለ ሰውነት ሚዛን የሚመጣው ወሬ ከዓይንና ከቆዳ ወሬ ጋር ይገናኛል ከሚባለው አካባቢ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ አነስተኛ ሲሆን አልጋው ውስጥ እየሰመጠች ወይም ከከፍታ እየወደቀች መሰላት። ሲጨምሩት ራሷን ከላይ ሆና አልጋ ላይ ተኝታ አየች፤ ያየችው ግን እግሯንና የአካሏን የታችኛውን ክፍል ብቻ ነበር። እውነተኛ እግሮቿን እንድትመለከት ሲነግሯት እያጠሩ ሲሄዱ ታዩአት። ጉልበቷን አጥፋ ሳለ ደግሞ እግሮቿ ወደ ፊቷ እየገሰገሱ ስለ መጡባት ለመሸሽ ሞከረች። የመስመጥ፣ የመውደቅና የመንሳፈፍ ስሜት በአንድ መስመር ላይ የተደረደሩ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ መንፈስ ከሥጋ ወጣ የተባለው ሚዛን ሲዛባ ነው። ጄን አስፐልና ባልደረቦቿ በ2013 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ወደ ልብ ያመጣዋል። ተሳታፊው በዓይኑ በሚደረግ ስክሪን የገዛ አካሉን ከኋላ ሆኖ ያያል፤ በዚያ ምስል ዙሪያ ያለው ብርሃን ከልቡ ምት ጋር እኩል ብልጭ ሲል፣ ተሳታፊው ፊት ለፊቱ ያለውን ምስል የራሱ አድርጎ መቁጠርና ያለበትንም ቦታ ወደዚያ ማስጠጋት ይቀናዋል። እኔ የት ነኝ ለሚለው ጥያቄ ልብ ድምፅ ካላቸው መስካሪዎች አንዱ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስለሆነ፣ ሚዛኑን የሚመልስ ነገር ማምጣት ይገባል፤ ለዚህም ከአልበርት ሆፍማን የተሻለ ምስክር የለም። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ሚያዝያ 19 ቀን 1943 በባዝል ከተማ በሚገኝ ቤተ ሙከራው 250 ማይክሮግራም ኤልኤስዲ ወስዶ፣ ሁኔታው ሲከብድበት ከረዳቱ ጋር በብስክሌት ወደ ቤቱ ሄደ። ከቦታው ንቅንቅ ያለ አልመሰለውም፤ ረዳቱ ግን በፍጥነት ሲጓዙ እንደ ነበር ኋላ ነገረችው። ቤቱ ገብቶ ልሞት ነው ብሎ በፈራበት ሰዓት የመጣው ሐኪም የልቡን ምት፣ የደም ግፊቱንና ትንፋሹን ቢመረምር፣ ከተለጠጠው የዓይኑ ብሌን በቀር ምንም የተዛባ ነገር አላገኘም። ስለዚህ በሰውነቱ ላይ የሚለካ ከባድ ለውጥ ሳይኖር አንጎሉ ስለ ሰውነቱ የሚያነበው ንባብ ተለውጦ ነበር። እዚህ ላይ የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በትንፋሹ ልምምድ መጀመሪያ የሚለወጠው ደሙ ነው፤ በኤልኤስዲ ግን የሚለወጠው አንባቢው ነው። የሚገርመው ግን ሐኪሙ አደጋ የለም ካለው በኋላ ድንጋጤው እየለቀቀው፣ ያስፈራው የነበረው ነገር ወደሚያስደስት ትዕይንት መለወጡ ነው።

ከዚህ ጠንከር ያለ ማስረጃም አለ። ኤምዲኤምኤ የተባለው ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትንና የሰውነት ሙቀትን ከፍ ያደርጋል፤ የሚሰጠው የመቀራረብና የፍቅር ስሜት ከዚህ ግለት የመጣ ነው ብሎ ማሰብ ይቻል ነበር። በባዝል የሚሠራው የማቲያስ ሊኽቲ ቡድን በ2012 ባሳተመው ሥራ ለጤነኛ ሰዎች አስቀድሞ ካርቬዲሎል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ሰጥቶ የልባቸውን ምት፣ ግፊታቸውንና ሙቀታቸውን አበረደ፤ ስሜቱ ግን አልተነካም። ስለዚህ ሰውነት ሁሉን ይወስናል የሚል ሰው ይህን ግድግዳ ማለፍ ይኖርበታል። በተቃራኒው የዙሪኩ ፍራንዝ ቮለንቫይደርና ባልደረቦቹ በ1998 ከአንዳንድ እንጉዳዮች የሚገኘውን የሳይሎሲቢንን ውጤት በኬታንሰሪን ሲያስቆሙ፣ ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል የሚያርፍበት አንድ ዓይነት ተቀባይ ለጉዞው፣ ማለትም ለንቃተ ህሊናው ለውጥ፣ ቁልፍ መሆኑ ተረጋገጠ። ኬታንሰሪን በመጀመሪያ ለደም ግፊት የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ተቀባዩም በአንጎል ሕዋሳት ላይ ብቻ ሳይሆን በደም ሥሮች ግድግዳ ላይም ይገኛል። በሰውነት ውስጥ ካለው ሴሮቶኒንም ከ90 በመቶ በላይ የሚሠራው በአንጀት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ንጥረ ነገር የሚውጥ ሰው አንጎሉን ብቻ ነክቶ ሊያልፍ የሚችልበት መንገድ የለም። ማቅለሽለሹ፣ የሆድ መታወኩ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ማዛጋቱ አብረው ይመጣሉ።

ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው የቅርብ ጊዜው የሕክምና ሩጫ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሰመመን ከሚያገለግለው ከኬታሚን የወጣውን ኤስኬታሚን በ2019 ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩለት ድባቴ ፈቀደ። አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ፈቃድ የተሰጣቸው የአእምሮ ሐኪሞች ሳይሎሲቢንን ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩለት ድባቴ፣ ኤምዲኤምኤን ከአሰቃቂ ድርጊት በኋላ ለሚመጣ ጭንቀት እንዲያዝዙ ፈቀደች። በነሐሴ 2024 ደግሞ የአሜሪካው አስተዳደር ኤምዲኤምኤን ሳይቀበለው ቀረ። በዚህ መካከል በዘርፉ የጦፈ ክርክር ተነሥቷል፤ ሕመምተኛውን የሚያሽለው ተሞክሮው ራሱ ነው ወይስ ተሞክሮው የሕክምናው ጭስ ብቻ ነው? በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የዴቪድ ኦልሰን ቡድን በ2021 በኔቸር ያወጣው ታበርናንታሎግ የተባለ ውህድ የሁለተኛው ወገን መመኪያ ነው። ኢቦጌይን ከሚባለው፣ ልብን በማዛባቱ ከሚታወቀው ንጥረ ነገር ተነሥቶ የተሠራ ሲሆን፣ በእንስሳትና በሕዋሳት ላይ ሲሞከር ራእይ አምጪነቱ ተወግዶለት፣ በልብ ላይ የሚያደርሰው አደጋም ቀንሶለት የነርቭ ሕዋሳትን ቅርንጫፎች እንደሚያበዛ ታይቷል።

በሌላ በኩል በስታንፎርድ በ2023 የታተመ ሙከራ አለ። ድባቴ ያለባቸው 40 ሰዎች ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ሙሉ በሙሉ በሰመመን ውስጥ ሳሉ ከፊሎቹ ኬታሚን፣ ከፊሎቹ ማስመሰያ ተሰጣቸው። በማግስቱ ሁለቱም ወገኖች በእጅጉ ተሽሏቸው ነበር፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልታየም። አንዳንዶች ይህን አይተው ጉዞውን ሳይቀምሱት ኬታሚን አይሠራም አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ያሻላቸው የሕክምና ተስፋ ነው አሉ። ሁለቱም የረሱት ነገር ያለ ይመስለኛል። ሰመመን የሚያጠፋው ጉዞውን ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ለአንጎል የሚያደርሰውን ወሬም ያጠፋል። ትንፋሹ በመሣሪያ ተይዞ፣ ጡንቻው ላልቶ፣ የልብ ምቱ በሐኪም ተስተካክሎ የተኛ ሰው ከውስጡ የሚሰማው ነገር የለም። በሙከራው የተለዩት ሁለት ነገሮች፣ መድኃኒትና ተሞክሮ፣ ሲሆኑ ሦስተኛው ሳይቆጠር ቀርቷል።

ሦስተኛውን መቁጠር ይቻላል ወይ ለሚል ሰው፣ መልሱ የሚለካው ነገር ቀድሞውኑ እየተለካ ነው የሚል ነው። ኤስኬታሚን የወሰደ ሕመምተኛ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት በክሊኒኩ ቆይቶ የደም ግፊቱ እንዲለካ ደንቡ ያዛል። በሳይሎሲቢንና በኤምዲኤምኤ ሙከራዎችም እንዲሁ ክንዱ ላይ መጠቅለያ ይታሰርለታል፣ የልብ ምቱ ይቆጠራል፣ ሙቀቱ ይመዘገባል፤ የተሳታፊው ተሞክሮ ደግሞ በመጠይቅ ይሞላል። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ሲታተሙ የሚቀመጡት የጎንዮሽ ጉዳት በሚዘረዘርበት የደኅንነት ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ የኋለኞቹ በውጤት ክፍል። አንድ ሕመምተኛ በሦስተኛው ሰዓት ላይ እያለቀሰ ስለ ሞተው አባቱ ሲናገር ልቡ ስንት ጊዜ ይመታ እንደ ነበር በዚያው ማኅደር ላይ ተጽፏል። የተጻፈው በሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ሁለቱን ገጾች በሰዓት አስተካክሎ ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።